ማሽኑ ሲሳሳት ሐቁ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ እትማችን ሁላችንም ስለምንሰለፍበት ስለ ኤቲኤም ማሽን እንነጋገራለን። ለዚህ ያነሳሱን ወደ ጀመዓችን የመጡ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የአንድ ወንድማችን ነው። ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ወደ መሐል ሜዳ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ የመንገድ ገንዘብ ሊያወጣ ደብረ ብርሃን ከተማ ወዳለ አንድ ኤቲኤም ሄደ። ካርዱን አስገብቶ 2,000 ብር ጠየቀ። ማሽኑ ገንዘብ ሲቆጥር ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ካርዱ ወጣ፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም። ስልኩ ላይ ደግሞ 2,000 ብር ወጪ መደረጉን የሚገልጽ መልእክት ገባ። በነጋታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት ስለነበረበት ከዶርም ጓደኛው ተበድሮ ሄደ፤ «ስመለስ እጠይቃለሁ» አለ። ከእረፍት ሲመለስ መልእክቱን አጥፍቶታል፣ ሰዓቱን ረስቶታል፣ የትኛው ማሽን እንደነበር እንኳ እርግጠኛ አልነበረም። ገንዘቡን በመጨረሻ አግኝቷል፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ተመላልሶ ነው። ያ ገንዘብ አባቱ መሐል ሜዳ ገበያ በግ ሽጠው የላኩለት ነበር።

ሁለተኛዋ ጠያቂ እህታችን ናት። 1,000 ብር ጠየቀች፤ ማሽኑ አሥር ኖት ቆጥሮ ሰጣት። ኖቶቹ ግን ባለ መቶ ሳይሆኑ ባለ ሁለት መቶ ነበሩ። እጇ ላይ 2,000 ብር አለ፤ ከሂሳቧ የተቀነሰው 1,000 ብቻ ነው። «ጓደኞቼ ‹ሪዝቅሽ ነው› አሉኝ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችን።

አንዱ ማሽን የወንድማችንን አስቀረ፣ ሌላው ለእህታችን ጨመረ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ማሽኑ ሲሳሳት ሐቁ የማን ነው? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሳሳት ማወቅ ይረዳናል።

ሁለት ቆጠራ አለ

ኤቲኤም ከውጭ ሲታይ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ይመስላል። በእርግጥ ግን ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች ይካሄዳሉ። አንዱ የወረቀት ቆጠራ ነው፤ እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይከናወናል። ሌላው የሂሳብ ቆጠራ ነው፤ ይህ የሚካሄደው ከማሽኑ ርቆ በሚገኘው የባንኩ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የኔትወርክ መስመር ነው።

ካርዳችንን አስገብተን ፒን ቁጥራችንን ስንመታ ማሽኑ ቁጥሩን በሚስጥር ኮድ ለውጦ ከጠየቅነው የገንዘብ መጠን ጋር ወደ ባንካችን ይልካል። የተጠቀምነው የሌላ ባንክ ማሽን ከሆነ ጥያቄው መጀመሪያ ባንኮችን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል። ኢትስዊች የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን እንዲሠራ ማድረግ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ባንካችን ፒኑ ትክክል መሆኑን፣ በሂሳባችን በቂ ገንዘብ መኖሩን፣ የዕለት ገደባችን አለማለፉን አይቶ ገንዘቡን ከሂሳባችን ይቀንሳል፤ ለማሽኑም «ስጥ» የሚል ፈቃድ ይልካል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ ሥራ ይጀምራል። በማሽኑ ውስጥ ካሴት የሚባሉ የገንዘብ ሳጥኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ካሴት የሚይዘው አንድ ዓይነት ኖት ነው። ማሽኑ ኖቶቹን አንድ በአንድ እየሳበ ያሳልፋል፤ በመንገዱ ላይ ያለ መሣሪያም ውፍረታቸውን ይለካል። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ ወይም የተቀደደና የታጠፈ ካጋጠመ ወደ መጣያ ሳጥኑ ይወረውረዋል፤ በምትኩ ሌላ ይስባል። ከውስጥ የምንሰማው ድምፅ ይህ ነው። ቆጠራው ሲሞላ ገንዘቡ በአፉ በኩል ይወጣል። ማሽኑም እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ይህን መዝገብ አስታውሱ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ማሽኑ ትክክል ነው የምንለው ሁለቱ ቆጠራዎች ሲስማሙ ነው። ከሂሳብ የተቀነሰውና በእጃችን የገባው እኩል ከሆነ ሚዛኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ስህተት የሚገባው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱ የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

በጣም የተለመደው ስህተት በወንድማችን ላይ የደረሰው ነው። ባንኩ ገንዘቡን ቀንሶ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ፣ ማሽኑ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል ወይም ኖት ይነከሳል። በደንቡ ማሽኑ «አልሰጠሁም» የሚል መልእክት ለባንኩ መላክ አለበት፤ ባንኩም የቀነሰውን ሪቨርስ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጸማል፤ ሳናውቀው ገንዘባችን ተመልሶ ይገኛል። ነገር ግን ያ መልእክት ራሱ የሚሄደው በተቋረጠው መስመር ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ባንኩ ገንዘቡን ወስደናል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ደጋግሞ መብራት በሚጠፋበትና «ሲስተም የለም» በሚባልበት ከተማ ይህ ስህተት ቢበዛ አይገርምም።

ሁለተኛው በእህታችን ላይ የደረሰው ነው። አብዛኞቹ ገንዘብ ሰጪ ማሽኖች የኖቱን ፊት አያነቡም፤ የሚያምኑት ካሴቱን ነው። «ይህ ካሴት የመቶ ነው» ተብሎ ከተነገረው ውስጡ የተጫነው ባለ ሁለት መቶ ቢሆንም እንደ መቶ ይቆጥረዋል። አሥር ኖት ብሎ አሥር ኖት ሰጣት፤ በራሱ ቆጠራ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ካሴቱን የሞላው ሰው ነው። አገራችን በመስከረም 2013 ዓ.ም አዲስ የብር ኖቶችንና ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ 200 ብር ኖት ስታወጣ ማሽኖቹ ከአዲሱ ኖት ጋር እንደገና መላመድ ያስፈለጋቸውም ለዚህ ነው፤ ማሽን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነውና።

ሦስተኛው ከእኛው የሚመጣ ነው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ስልክ እያወራን ስንዘገይ አብዛኞቹ ማሽኖች ገንዘቡን መልሰው ይውጡታል። ይህም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ እኛ ግን ማሽኑ የበላን ይመስለናል። በግቢያችን የተለመደው አንድ ሰው የአራትና የአምስት ጓደኞቹን ካርድ ይዞ የመሰለፍ ልማድም እንደዚሁ ነው። የማን ካርድ ላይ ምን እንደደረሰ ይምታታል። ፒን ቁጥር ለሰው ከሰጠን በኋላ ደግሞ «እኔ አላወጣሁም» የሚለው አቤቱታችን ክብደቱን ያጣል።

አራተኛውና ከባዱ የባንኩ ዋና ሲስተም ራሱ ሲሳሳት ነው። ያኔ ስህተቱ በአንድ ማሽን አይወሰንም፤ በሁሉም ማሽን ላይ ይታያል። ይህን በዓይናችን አይተናል።

የረመዳን ስድስተኛ ሌሊት

ዕለቱ ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ለቅዳሜ አጥቢያ ነበር፤ የ1445 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ስድስተኛው ሌሊት። ብዙ ሙስሊም ተማሪ ለሱሑር በሚነቃበት በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ መፍቀድ ጀመረ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው በስልክና በቴሌግራም ተዛመተ። በጅማ፣ በዲላና በሌሎችም ግቢዎች ተማሪዎች በእኩለ ሌሊት በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ችግሩን አውቆ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ሰዓታት አለፉ።

ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በራሱ ሲስተም ላይ በተደረገ ሥራ የተፈጠረ ችግር ነው። በመግለጫው መሠረት ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ ሰዎች በወንጀል እንደማይጠየቁ ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ከ622 ሚሊዮን ብር በላይ ተመለሰ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ግን በየቅርንጫፉ በር ላይ ተለጠፈ።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሽኑ በጨለማ ቢሰጥም የሚሰጠው በስም ነው። እያንዳንዷ ወጪ በካርዳችን፣ በሰዓቷና በማሽኑ ቁጥር ተጽፋ ትቀመጣለች። «ማንም አላየኝም» የሚለው ሐሳብ በዱንያዊ ዓይንም ትክክል አልነበረም፤ በአላህ ዘንድማ ከመጀመሪያውም ትክክል አይደለም። ሁለተኛ፣ በዚያ ሌሊት የተፈተነው የባንኩ ኮምፒውተር ብቻ አልነበረም፤ የእኛም አማና ተፈትኗል። በዚያው ሌሊት ለሱሑር ተነስተው ጾማቸውን ነይተው፣ ስልካቸውን ዘግተው የተኙ ወንድሞችና እህቶች እንደነበሩ እናውቃለን። ስማቸው የትም አልተለጠፈም፤ ሒሳባቸው ግን ያለ ጥርጥር ተጽፏል።

«ማሽን አይሳሳትም» ሲባሉ

ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ግን ፍትሕ አይሆንም። የ2016ቱ ክስተት «ስህተቱ ሁሉ ከተማሪ ነው» እንድንል ሊያደርገን ይችላል። እንደ ወንድማችን ገንዘቡ የቀረበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሲስተሙ ወስደሃል ይላል» የሚል መልስ ያጋጥመዋል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የፖሊስ ባልደረባ ከሂሳቡ በስድስት ጊዜ 460 ፓውንድ ያለ እሱ እውቀት በኤቲኤም እንደወጣበት ለባንኩ አመለከተ። ባንኩ ሲስተማችን አይሳሳትም አለ፤ ፖሊሱም ሊያጭበረብር ሞክሯል ተብሎ ተከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈረደበት። ይግባኙ ሲታይ የተከሳሹ ባለሙያዎች የባንኩን ሲስተም ለመመርመር ጠየቁ፤ ባንኩ አላሳይም አለ። ሊመረመር የማይችል ማስረጃ ደግሞ ሰውን ሊያስፈርድበት አይገባምና ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሻረ። ሰውየው ስሙን ለማጽዳት አራት ዓመት ፈጅቶበታል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ባንክን መጠርጠር አይደለም። ማሽንም ሆነ ሲስተም ሰው የሠራው መሆኑን፣ ቃሉም እንደማንኛውም ምስክር ቃል የሚመረመር መሆኑን ነው። መመርመሪያውም አለ። የባንኩ ሠራተኞች ማሽኑን ሲከፍቱ በካሴቶቹና በመጣያ ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ማሽኑ ለወንድማችን 2,000 ብር ሳይሰጥ ሰጥቻለሁ ካለ በቆጠራው 2,000 ብር ትርፍ ይገኛል። ለእህታችን ደግሞ 1,000 ብር አብልጦ ከሰጠ 1,000 ብር ጉድለት ይገኛል። ወረቀቱ አይዋሽም። ግን ያ ትርፍ የወንድማችን መሆኑን የሚያሳየው እሱ ያስመዘገበው ቀን፣ ሰዓትና የማሽን ቁጥር ነው። በጊዜው ያልተጠየቀ ትርፍ ባለቤት ለማግኘት ይከብዳል።

ሐቁ የማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሸሪዓችን የሰው ገንዘብ ባለቤቱን የሚቀይረው በታወቀ ሕጋዊ መንገድ ነው፤ በሽያጭ፣ በስጦታ፣ በውርስ ወይም በመሳሰለው። ስህተት ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ማሽኑ ሳይሰጠን የቀነሰው ገንዘብ የእኛው ነው፤ አብልጦ የሰጠን ደግሞ የባለቤቱ ነው፣ እኛ ዘንድ አማና ሆኖ ተቀምጧል። በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ታዘናል፤ በሱረቱል በቀራ 188ኛው አንቀጽ ደግሞ አንዳችን የሌላውን ገንዘብ ያለአግባብ እንዳንበላ ተከልክለናል። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2162 ጀምሮ ያለአግባብ ስለመበልጸግ ይደነግጋል። ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ንብረት የተጠቀመ ሰው እንዲመልስ ያዛል። «እኔ አልሰረቅኩም፣ ማሽኑ ነው የሰጠኝ» ማለት ገንዘቡን የራስ አያደርገውም።

በውይይታችን ላይ ደጋግመው የተነሱ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ በግልጽ እንመልሳቸው።

አንደኛው «ባንኩ በወለድ ስለሚሠራ ገንዘቡ ሐቅ የለውም» የሚል ነው። ወለድ ሐራም መሆኑን አንከራከርበትም። የሌላው ወንጀል ግን የእሱን ገንዘብ ለእኛ ሐላል አያደርገውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ እርሳቸው ዘንድ የተቀመጡ የቁረይሾች አማናዎች ነበሩ። ሊገድሏቸው ያሴሩት የእነዚያው ሰዎች ወገኖች ናቸው። ሆኖም ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ወደኋላ አስቀርተው አማናውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ አደረጉ። ጠላት ዘንድ የሚመለስ አማና ባንክ ዘንድ የማይመለስበት ምን ምክንያት አለ? ደግሞም በባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ የአስቀማጮች ነው፤ ከእነዚህ መካከል በጋቸውን ሽጠው ያስቀመጡ የመንዝ አባቶች፣ ከወለድ ነፃ ሂሳብ የከፈቱ ወንድሞቻችንም አሉ።

ሁለተኛው «ባንክ ሀብታም ነው፣ 1,000 ብር አይጎዳውም» የሚል ነው። የማሽኑ ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠየቅበት ሰው አለ፤ ካሴቱን የሞላው ሠራተኛ። ምናልባት አምና ከዚሁ ግቢ የተመረቀ፣ በትንሽ ደመወዝ የተቀጠረ ወጣት ይሆናል። ጉድለቱን ከኪሱ ሙላ ሊባልም ይችላል።

ሦስተኛው «ማሽኑ ስንት ጊዜ የኔን በልቷል፣ ይቻቻል» የሚል ነው። ያለንን ሐቅ በአቤቱታ እንጠይቃለን፤ በሌላ ስህተት አናካክሰውም። የሙተፊፊን ምዕራፍ የሚወቅሰው ሲቀበል ሞልቶ የሚያስለካውን፣ ሲሰጥ ግን የሚያጎድለውን ሰው ነው። ከመንዝና ከግሼ የመጣን ልጆች ይህን ከገበያው እናውቀዋለን፤ ገብስ ሲሸጥና ሲገዛ ቁናው አንድ መሆን አለበት። ሲጎድልብን ቅርንጫፍ ሄደን የምንጮህ ከሆነ ሲበዛልንም በዚያው እግራችን መሄድ ይገባናል።

ሲቀርብን ምን እናድርግ?

በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ብድርን መጻፍንና ማስመስከርን የሚያስተምር ነው። በገንዘብ ጉዳይ መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ሐቅን መጠበቅ ነው። ስለዚህ፦

1. ከማሽኑ ፊት ወዲያው አትሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ማሽኑ ዘግይቶ ሊሰጥ፣ ወይም ደረሰኝ ሊያወጣ ይችላል። የማታውቁት ሰው «ላግዝህ» ቢል ካርድም ፒንም አትስጡ።

2. ወዲያው መዝግቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠየቃችሁትን መጠን፣ ማሽኑ የሚገኝበትን ቦታ ጻፉ። ደረሰኝ ከወጣ የማሽኑና የግብይቱ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። የኤስኤምኤስ መልእክቱን አታጥፉ።

3. ሂሳባችሁን እዩ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይቻላል፤ የንግድ ባንክ ደንበኞች ለሞባይል ባንኪንግ ከተመዘገቡ በ*889# ማየት ይችላሉ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የዚህን መንገድ ጥቅም አይተናል። ገንዘቡ ራሱ ተመልሶ ከሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ።

4. ካልተመለሰ ሳትዘገዩ አመልክቱ። የምታመለክቱት ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው፤ የማሽኑ ባለቤት ሌላ ባንክ ቢሆንም እንኳ። ሁለት ባንኮች መመሳከር ስላለባቸው የሌላ ባንክ ማሽን ጉዳይ ሊረዝም ይችላል። የንግድ ባንክ የስልክ አገልግሎት 951 ነው። በስልክ ካመለከታችሁም በኋላ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ቅጽ ሙሉ።

5. ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ያዙ። የቅጹን ቅጂ ወይም የአቤቱታውን ቁጥር ጠይቁ፤ የተቀበላችሁን ሠራተኛ ስምና መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጻፉ። ባንኩ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካችሁ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለው፤ አቤቱታው መጀመሪያ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለብሔራዊ ባንክ ይቀርባል።

6. በአደብ ጠይቁ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ገንዘባችሁን አልወሰደም። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ማሽን፤ እባክዎ መዝገቡና ቆጠራው ይታይልኝ» ማለት ከጩኸት የበለጠ ያስኬዳል።

ሲበዛልንስ?

አብልጦ የወጣውን ገንዘብ ከራሳችሁ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አታውሱት፣ አትጠቀሙበት። በመጀመሪያው የሥራ ሰዓት ማሽኑ ወደሚገኝበት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ለኃላፊው ንገሩ፤ ገንዘቡን ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ እናንተንም ይጠብቃል፤ ገንዘቡም ወደ ሂሳቡ መግባቱን ያረጋግጣል። ከዘገያችሁም በሩ አልተዘጋም፤ ተውበት የሰው ሐቅ ሲኖርበት ገንዘቡን መመለስ ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው፤ በሶደቃ አይተካም፣ ባለቤቱ የታወቀ ነውና።

ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ረስቶት የሄደ ገንዘብ በማሽኑ አፍ ላይ ካገኛችሁ ሰውየው በቅርብ ካለ ጥሩት። ከሌለ አትንኩት፤ አብዛኞቹ ማሽኖች መልሰው ይውጡትና በመዝገብ ይጽፉታል፣ ባለቤቱም ሲያመለክት ያገኘዋል። ወድቆ ካገኛችሁት ለቅርንጫፉ አስረክቡ።

ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት

በመጨረሻ ለእረፍት ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ለምትሄዱ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በጣርማበር አድርጎ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ራቤል የሚሄድ፣ ወይም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚገባ ተማሪ አንድ ማሽን ቢበላሽበት በጥቂት እርምጃ ሌላ አያገኝም። መብራትና ኔትወርክ ከጠፋ ቅርንጫፉም «ሲስተም የለም» ይላል። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡት በመሄጃችሁ ዋዜማ ማታ አይሁን። ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ፣ ባንኩ በሚሠራበት ሰዓት፣ ቢቻል በቅርንጫፉ በር ላይ ካለ ማሽን አውጡ። ስህተት ቢፈጠር እዚያው ገብታችሁ ታመለክታላችሁ። ከዒድ በፊት ባሉት ቀናት ሰልፉ ስለሚበዛ ካሴቶቹ ቶሎ ያልቃሉ፤ ይህንም አስቡበት።

ቤተሰቦቻችን ደግሞ ስለዚህ ማሽን ከእኛ ያነሰ ያውቃሉ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ካርድ ካወጡ ፒን ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ እንዳይሰጡ፣ ገንዘቡን እዚያው እንዲቆጥሩ፣ መልእክቱን እንዳያጠፉ አስረዷቸው። የተማርነውን ለቤተሰብ ማካፈልም ኸይር ሥራ ነው።

እህታችን ምን እንዳደረገች ሳትጠይቁን አትቀሩም። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፉ እንደተከፈተ 1,000 ብሩን ይዛ ገባች። የማሽኑ ኃላፊ የሆነው ወጣት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ እንዳደረ ነገራት፤ የቅዳሜው ቆጠራ ጎድሎበት ነበር። ከእሷ በኋላ በዚያው ማሽን የተጠቀሙ ሌሎች ስንት እንደሆኑና ስንቶቹ እንደመለሱ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ደረሰኟን ተቀብላ ወጣች፤ «ያን ቀን ከሰዓት ደህና ተኛሁ» አለችን።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል ያድርግልን፣ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ የጎደለብንን ያሟላልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።